ፀሐይን የሚያወጣው ጽሕፈት ቤት

ፀሐይ በየማለዳው በራሷ ፈቃድ የምትወጣ ይመስለን ነበር። ምስጋና ለከተማችን የቀብር ቦታ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይግባውና ከዚህ ድንቁርና ወጥተናል። ፀሐይን የሚያወጧት ክቡር ኃላፊው ናቸው። ጸሐፊያቸው ታግዛቸዋለች፤ ሁለቱ መቃብር ቆፋሪዎች ይተባበራሉ፤ ሽማግሌው ዘበኛ ደግሞ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ባለጉዳይ እንዳይገባ በሩን ጠርቅመው ይጠብቃሉ። ሙታንም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቸኩሎ የትም የሚደርስ ሙት የለምና።

ነገሩ የተጀመረው ኃላፊው ከአንድ ሥልጠና የተመለሱ ጊዜ ነው። ሥልጠናው ስለ አመራር ነበር፤ አሠልጣኙ ግን ስለ አመራር የሚያውቁትን ከሻይ ዕረፍት በፊት ስለጨረሱ የቀረውን ጊዜ በጥንታዊት ግብፅ አማልክት ሞሉት። ኃላፊው ደግሞ የገባቸውን ብቻ ሳይሆን ያልገባቸውንም ጭምር ሥራ ላይ የሚያውሉ ቆራጥ ሰው ናቸው። በማግስቱ ሠራተኛውን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«በመጀመሪያ ጨለማና ውሃ ብቻ ነበር። ትርምስ ነበር። ከዚያ ፀሐይ ወጣች፤ ሥርዓትም መጣ። ሥርዓት ራሷ ላይ አንዲት ላባ የሰካች፣ ማአት የምትባል የፀሐይ ልጅ ናት። ጨለማው ግን እጁን አልሰጠም። ፀሐይ ማታ ማታ በጀልባ ከምድር በታች ስትጓዝ አፔፕ የሚባል ግዙፍ እባብ ሊውጣት ያደባል። ታዲያ የጥንት ካህናት ምን አደረጉ? እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ? የለም! በየቀኑ ከሰም እባብ ሠሩ። ተፉበት። በግራ እግራቸው ረገጡት። በብረት ወጉት። አቃጠሉት። ውጤቱስ? በዚያ ሁሉ ዘመን ፀሐይ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም! እስቲ እንዲህ ያለ የሥራ አፈጻጸም ያለው መሥሪያ ቤት ጥሩልኝ!»

ጸሐፊዋ ብቻ እጇን አወጣች።

«ጀልባው ላይ ቆሞ እባቡን የሚወጋውስ ማን ነው?»

«ሴጥ የሚባል አምላክ ነው።»

«ደኅና ሰው ነው?»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድሙን ገድሎ፣ ሥጋውን ቆራርጦ በየአገሩ በትኗል። የማዕበልና የትርምስ አምላክ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ፀሐይ ጀልባ ላይ ምን ይሠራል?»

«ጥበቃ ነዋ።»

ዘበኛው በር ሥር እንደቆሙ ቀና አሉ። «የሟቹ ሚስትስ?»

«የሟቹ ሚስት የገዳዩ እኅት ናት።»

«የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ የሚባለው ለካ ለእሷ ኖሯል፤ ቢገለበጥም!» አሉ ዘበኛው። «ይኼን ሁሉ ዓመት የጎረቤቴ ጉዳይ መስሎኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሥርዓተ ንጋት» ተቋቋመ። ጸሐፊዋ በየመቃብሩ ላይ የተረፈውን የሻማ ቁራጭ ለቅማ፣ አለዝባ፣ ጠቅልላ እባብ ትሠራለች። የመጀመሪያዎቹ እባቦች የተረገጠ የጥርስ ሳሙና ይመስሉ ነበር። እየቆየች ግን እጇ ተፍታታ፤ በስፒል ራስ ዓይን ታወጣላቸው፣ በማበጠሪያ ጥርስ ቅርፊት ትሥልላቸው ጀመር። በኋላማ እባቡ ከማማሩ የተነሣ ሲረገጥ ፊቷን ታዞር ነበር። ሠራተኛው ተሰልፎ ይተፋል፤ በግራ እግሩ ይረግጣል፤ ኃላፊው በደብዳቤ መክፈቻ ይወጉታል፤ በመጨረሻም በአሮጌ ጣሳ ውስጥ ይቃጠላል። ጢሱ ሲያልቅ ኃላፊው ሰማዩን ገላመጥ አድርገው «ወጥታለች» ይላሉ፤ በሩም ይከፈታል። ደመና በዋለ ቀን ባለጉዳይ ቢያጉረመርም፣ «እኛ አውጥተናል፤ ማድረሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ነው» ይባላል።

አንድ ጊዜ ጸሐፊዋ «ትናንት ከገደልነው ዛሬ ለምን እንደገና እንገድለዋለን?» ብላ ጠይቃ ነበር። ኃላፊው በአባትነት ፈገግ አሉ። «ጥበቡ እዚህ ላይ ነው ልጄ። እባቡ አይሞትም። ቢሞትማ ኖሮ ካህናቱ ምን ሊበሉ ነው?»

እታለም ወደዚህ ጽሕፈት ቤት የመጣችው ወንድሟን ልትቀብር ነው።

እታለም ልብስ ሰፊ ናት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ እታለም ብሎ ስለጠራት፣ ሰፈሩም ደንበኛውም እሱን ተከትሎ እታለም ሆና ቀረች። እሱ ከጠራ መከተል ግድ ነበር። በአውቶቡስ መናኸሪያ ተሳፋሪ የሚጠራ ረዳት ነው፤ ነጎድጓድ ይሉታል። ጠዋት ሲጣራ አውራ ዶሮዎች አፍረው ዝም ይላሉ። ተሳፋሪ ያመነታ እንደሆነ ሻንጣውን ቀድሞ ይጭነዋል፤ ሰውየው ሻንጣውን ተከትሎ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ወዳላሰበበት ከተማ ተጉዞ፣ እዚያው አግብቶ የቀረ ሰው አለ ይባላል። እስከ መጨረሻው ለነጎድጓድ ሰላምታ ይልክ ነበር፤ ምርቃት ይሁን እርግማን ግን ለይቶለት አያውቅም።

ይህ ሰው ሳንባው ታመመ። ያ ድምፅ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ፣ በመጨረሻ እታለም ጆሮዋን ከንፈሩ ላይ ለጥፋ ነበር የምትሰማው። በመጨረሻዋ ቀን እናታቸው የተቀበረችበትን ቦታ አስታወሰና፣ «እማዬ ጎን አንድ ሰው ነው የቀረው» አላት። ሊያስቃት ነው። ሳቀችለት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልተናገረም።

እውነቱን ነበር። ከእናታቸው መቃብር ጎን ባዶ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው። እታለምም እዚያ ልታስተኛው ቆርጣለች። የሆስፒታሉ የሬሳ ክፍል ሠራተኛ ግን ጠዋት እንዲህ አላት፦ «እኅቴ፣ ዛሬ ካልወሰድሽው ከከተማ ውጭ ወዳለው የጋራ ጉድጓድ ነው የምንልከው። ምን ላድርግ? ማቀዝቀዣው እንደ አለቆቻችን ነው። ድምፅ ያሰማል እንጂ አይሠራም።»

እየሮጠች መጣች። በሩ ተዘግቷል።

«አባባ፣ ይክፈቱልኝ። ወንድሜ ሞቶብኝ ነው።»

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉ ዘበኛው ከልባቸው። «ግን ፀሐይ አልወጣችም።»

እታለም ቀና አለች። ፀሐይዋ የዘበኛው ራሰ በራ ላይ ተንጸባርቃ ዓይን ታጥበረብራለች።

«ይቺስ?»

«ይቺ ገና አልጸደቀችም።»

እታለም የበሩን ብረት ጨበጠች። ዘበኛው ግራ ቀኝ አዩና፣ «እኔ አሁን ወደዚያ ዞሬ ላስል ነው» አሉ። ዞረው ለረጅም ጊዜ ሳሉ። እሷም ገባች።

ውስጥ ትልቅ አደጋ ደርሷል። ጸሐፊዋ ማታ ሠርታ መስኮቱ ላይ ያስቀመጠችው እባብ የለም። በቦታው ከመስኮቱ ደፍ እስከ ወለሉ የወረደ የሰም ጅረት አለ፤ በጅረቱ ጫፍ ሁለት የስፒል ራሶች ኮርኒሱን ያያሉ።

«ማን አቀለጠው?» አሉ ኃላፊው።

«ፀሐይ ናት» አለች ጸሐፊዋ።

«ያለ እኛ?»

«ያለ እኛ።»

ኃላፊው ወንበር ፈለጉ። «ይህ ከተለመደ አለቀልን» አሉ በለሆሳስ። «እሷ ራሷ እባቡን እየገደለች የምትወጣ ከሆነ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?»

ረጅሙ ቆፋሪ አጭሩን ቆፋሪ አየው። «መቃብር ብንቆፍርስ?» አለ።

«ቀልድ ትወዳለህ መሰለኝ» አሉ ኃላፊው።

እታለም ቀረብ አለች። «ጌታዬ፣ ወንድሜ ከእናቴ ጎን እንዲቀበር ፈቃድዎን ልለምን ነው። ዛሬ ካልሆነ የጋራ ጉድጓድ ይጥሉብኛል።»

«እግዜር ያጽናዎት እኅቴ። ችግርዎ ገብቶናል። ግን ዛሬ ትርምስ የለም።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ።»

«አልገባዎትም! ትርምስ ከሌለ የምናሸንፈው የለም። ካላሸነፍን ፀሐይ አልወጣችም። ፀሐይ ካልወጣች ጽሕፈት ቤቱ አልተከፈተም። እንዲያውም እኔ አሁን እርስዎን እያነጋገርኩ አይደለም።»

«ሌላ እባብ ይሠራላ!»

«ሻማው አልቋል፤ የፈሰሰው ደግሞ ፀሐይ የገደለችው ስለሆነ ለእኛ አይቆጠርም» አለች ጸሐፊዋ።

«ይገዛ።»

«የሚገዛው ግዢ ክፍል ነው። ግዢ ክፍል ደግሞ ሥርዓተ ንጋት ካልተፈጸመ ሥራ አይጀምርም።»

«እኔ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ገዝቼ ልምጣ።»

ኃላፊው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጣሉ። «የግል ትርምስ አንቀበልም! ዛሬ እርስዎ ሻማ ይዘው ይመጣሉ፤ ነገ ሌላው የገዛ እባቡን ይዞ ይመጣል፤ እንደዚያ ከሆነ ሥርዓት በማን እጅ ሊቀር ነው?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እዚያ ቤት ግን እባብ በማጣታቸው ነበር የበረዩት። ኃላፊው ክፍሉን ይዞራሉ፤ ጸሐፊዋ ሰሙን በማንኪያ ከወለሉ ትፍቃለች፤ ፀሐይዋ ሳትጸድቅ ከፍ ትላለች፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ማቀዝቀዣው ድምፅ ያሰማል። እታለም አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጨርቅ ሲያጥራት ጨርቁን የምትሳደብ ልብስ ሰፊ አይደለችም፤ ገልበጥ አድርጋ ታየዋለች። ይህንንም ገልበጥ አደረገችው።

«ጌታዬ፣ በመንግሥት የታወቀ ትርምስ ቢገኝስ?»

«ማለት?»

«የመናኸሪያው አጥር የተመረቀ ዕለት ንግግር ሲያደርጉ ትዝ ይልዎታል?»

ኃላፊው ፊታቸው ጠቆረ። እንዴት ይረሱታል? ያኔ የመናኸሪያው አስተዳዳሪ ነበሩ። ድምፅ ማጉያ ጨብጠው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ «ውድ ነዋሪዎች፣ የከተማችን ዕድገት ወደፊት…» ሲሉ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያ ድምፅ «ሞላ! ሞላ! አንድ ሰው ብቻ! ቶሎ በሉ የሚሄድ ነው!» ብሎ አንባረቀ። ከታዳሚው እኩሌታው ተነሥቶ ተሳፈረ። የሙዚቃ ጓዱም ከነከበሮው ተሳፈረ። ሪባን የያዘችው ልጅ ሳትቀር መቀሱን ይዛ ሄደች።

«ያን ቀን ምን አሉ?» አለች እታለም።

«በዚህች ከተማ ትርምስ ማለት ይህ ሰው ነው አልኩ።»

«በድምፅ ማጉያ።»

«በድምፅ ማጉያ» ብለው አመኑ።

«ያ ሰው ወንድሜ ነው። እሱ ነው የሞተው። ላምጣልዎ?»

የኃላፊው ዓይን ቀስ በቀስ ፈካ። «ራሱ ትርምስ? ሰም ያልሆነ?»

«ራሱ።»

«ይምጣ! አሁኑኑ ይምጣ! እንትፋበት! እንርገጠው! እን…»

እታለም ይህን አላሰበችውም ነበር። ወንድሟን የመጨረሻ ጊዜ ስታጥበው የትከሻው አጥንት እንደ ልብስ መስቀያ ገጥጦ ነበር፤ ውሃው እንዳይቀዘቅዝበት ሁለት ጊዜ አሙቃዋለች፤ ሙት መሆኑን እያወቀች። ያ ገላ ላይ ማንም እግሩን አያነሣም። አግዳሚውን ጨብጣ ተነሣች።

«ምራቁ የት ላይ ይተፋ የሚል ሕግ አለ?»

ኃላፊው አሰቡ። «ይተፋል ነው የሚለው።»

«እግሩስ ምን ላይ ይረግጣል?»

«በግራ እግር ይረገጣል። ብረትም ይወጋል። አሠልጣኙ ከዚህ በላይ አልዘረዘሩም።»

«እንግዲያው እስቲ እነዚህን ቆፋሪዎች ሥራ ያስጀምሯቸውና ይመልከቱ።»

ወጡ። ረጅሙ ቆፋሪ ከእታለም እናት መቃብር ጎን ቆመና መዳፉ ላይ እንትፍ፣ እንትፍ አለ። እጁን አሻሸ። ግራ እግሩን አካፋው ላይ አሳረፈ። ብረቱ መሬቱ ውስጥ ገባ።

«ተፋ» አለች እታለም። «በግራ እግሩ ረገጠ። ብረት ወጋ። እሳቱን እኔ ሻማ አበራለታለሁ።»

«ሻማው የግል ነው» አለች ጸሐፊዋ።

«በሐዘን ጊዜ አንዳንድ ነገር ዝም ይባላል» አሉ ኃላፊው በታላቅ ቸርነት። ከዚያ ሰማዩን ገላመጥ አደረጉ። «ወጥታለች!»

ከቀትር በኋላ ነበር።

ነጎድጓድን ያመጡት የመናኸሪያው ሾፌሮች በራሱ አውቶቡስ ነው። ብዙ ሰው ተከትሎታል፤ ማንም ግን አልተጣራም። አውቶቡሱ ሳይጠራ ሲሞላ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። አስከሬኑን ሲያወርዱ ኃላፊው ከመቃብሩ ራስጌ ባለው የአፈር ክምር ላይ ወጡና የድል ንግግር አደረጉ።

«ውድ ነዋሪዎች! ከዛሬ ጀምሮ ይህች ከተማ ጸጥ ትላለች! ያ ድምፅ ከእንግዲህ በማለዳ ከእንቅልፋችን አይቀሰቅሰንም! የማናውቀውን ሰው ሻንጣ የሚሸከም፣ በዝናብ የቆመችን አሮጊት ያለ ተራዋ የሚያስገባ፣ ሰልፍ የሚያፈርስ፣ ያኮረፈን ሰው ያለ ፈቃዱ የሚያስቅ አይኖርም! መናኸሪያችን ሥርዓት ይይዛል! ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም!»

ለነጎድጓድ ከዚያ የተሻለ የሐዘን ንግግር ያደረገለት የለም። እታለም እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር፤ ፋታ አላገኘችም። አሁን ግን አንድ በአንድ ሰማችው፤ እያንዳንዱም ቃል እውነት ነበር። አፈሩ ላይ ተንበርክካ፣ «እውነት ነው! እውነት ነው!» እያለች አለቀሰች። ሾፌሮቹ አለቀሱ። ረጅሙ ቆፋሪም አካፋውን ተደግፎ አለቀሰ። ኃላፊው ንግግራቸው ይህን ያህል ሕዝብ ሲነካ አይተው ስለማያውቁ እሳቸውም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ነጎድጓድ ከእናቱ ጎን ተኛ።

ኃላፊውም የዚያኑ ዕለት ለበላይ አለቃቸው ስልክ ደወሉ። ሰም ሳይሆን እውነተኛው ትርምስ በእሳቸው ዘመን መሸነፉን፣ መሞቱን፣ ስድስት ክንድ አፈርም እንደተጫነበት አበሠሩ። የበላይ አለቃው ደስታቸውን ገለጹ። «እንግዲያው ሥርዓተ ንጋት ከእንግዲህ አያስፈልግም» አሉ። «ከጠዋት ጀምራችሁ ባለጉዳይ አስተናግዱ።»

ኃላፊው ስልኩ ከተዘጋ በኋላም «አቤት? አቤት?» ይሉ ነበር።

በማግስቱ እታለም ቤት መጡ። እሷ የወንድሟን የሥራ ኮት ጉልበቷ ላይ አድርጋ የተበጠሰ ቁልፍ ትተክላለች፤ ማንም እንደማይለብሰው እያወቀች። የተቀመጡት ለቀስተኞች ለኃላፊው ቦታ ለቀቁላቸው። እሳቸው ግን ቆመው ቀሩ።

«እትዬ፣ ለትንሽ ጉዳይ ነበር። ወንድምዎን ለአጭር ጊዜ ብናወጣቸው…»

መርፌዋ ቆመ። «ምን አጠፋ ደግሞ?»

«እሳቸውስ ምንም። ሥርዓት ነው የተቸገረው። ትርምስ ከሌለ እኛ ምን ነን? ዛሬ ጠዋት በሩን ስንከፍት ባለጉዳይ ገባብን እኮ! ቁጭ አለ! ጠየቀኝ!»

«ምን መለሱለት?»

«ምን እመልሳለሁ? ለምዶብኝ ያውቃል?»

እታለም መርፌዋን ኮቱ ላይ ሰካች። ከመሰንበቻው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሟ ዓይነት ሳቅ ጉሮሮዋ ሥር ሲነሣ ተሰማት፤ ዋጠችው። «ጌታዬ፣ የሞተ ሰው ከማስቸገር በሕይወት ያለ አይሻልም?»

«ማን ይገኛል ብለው ነው? እንዲህ ያለ ችሎታ…»

«እርስዎ አሉ። ልምዱ አለዎት። በራችሁ ላይ ደጅ የጠና ሁሉ ይመሰክርልዎታል።»

ለቀስተኛው በነጠላው አፉን ሸፈነ። ኃላፊው በበኩላቸው በሕይወታቸው ሹመት እምቢ ብለው አያውቁም። ጃኬታቸውን ቆለፉ።

«በተጠባባቂነት?»

«በተጠባባቂነት።»

«ለተጠባባቂ እንግዲህ ምራቁ ብቻ ይበቃል» አሉ እያሰላሰሉ። «መረገጡና ብረቱ በቋሚነት ሲመደብ ነው የሚመጣው። ደግሞ እኔ ካለሁ ግዢ ክፍልን ሰም አንለምንም። ወጪም ቆጠብን!»

አመስግነዋት ወጡ።

በማግስቱ ማለዳ እታለም አበባ ይዛ ወደ መቃብሩ ስትሄድ፣ ከጽሕፈት ቤቱ በር እስከ ዋናው መንገድ ሰልፍ ተሠርቶ አገኘች። ሠራተኛው በሙሉ በሰዓቱ ገብቷል። በሕመም ፈቃድ ላይ ያለው ሒሳብ ሹም ከዘራውን ተደግፎ መጥቷል። ጸሐፊዋ ከንፈሯን ቀለም ሳትቀባ መጥታለች። ባለጉዳዮች፣ ሾፌሮች፣ የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ሁሉም አለ። ማንም አይጋፋም፤ ማንም አያጉረመርምም። እንዲህ ያለ ሥርዓት በዚያች ከተማ ታይቶ አይታወቅም።

ኃላፊው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ደረጃው ላይ ቆመዋል። «ወገኖቼ» አሉ፣ «ለትርምስ ያላችሁን ጥላቻ ሳይ ኮራሁባችሁ!»

ሰልፉ በአንድነት ጉሮሮውን ጠረገ።

ዘበኛው እታለምን ከሩቅ አይተው እየተጣደፉ መጡ። ክንዷን ያዙ። «ነይ ልጄ፣ አንቺ አትሰለፊም» አሏት ወደ ፊት እየመሯት። «ሐዘንተኛ ቅድሚያ አለው።»

በዚያ ጽሕፈት ቤት ሐዘንተኛ ቅድሚያ ሲያገኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። እታለም አበባውን ለዘበኛው አስያዘቻቸው፤ ጥቁር ሻርፗንም ከአፏ ላይ ገለጥ አድርጋ ወደ ፊት አለፈች።